ፊንጢጣቸው ዙሪያ ክሮንስ ያለባቸው ሕሙማን ሰገራ የመያዝ አቅማቸው በጤና ጣቢያ እንዴት ይመዘናል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና አቃቂ አካባቢ በጤና ጣቢያና በትንንሽ ክሊኒኮች የምትሠሩ ባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ክሮንስ (አንጀትን የሚያቆስል ሥር የሰደደ በሽታ) እንዳለበት የተነገረው፣ ፊንጢጣው ዙሪያ ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ የወጣ ቀዳዳ) የወጣበት ሰው ‹ሰገራ ያመልጠኛል› ብሎ ሲመጣ፣ መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ሪፈር ልጻፍለት?» በስልክ በቁርጥራጭ ከምመልስ አሠራሩን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው ለጤና መኮንኖች፣ ለጠቅላላ ሐኪሞችና ለነርሶች ነው፤ ሕሙማን በራሳቸው ላይ እንዲሞክሩት አይደለም።

ሰገራ ለመያዝ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። ሰገራው ቅርጽ ያለው መሆን አለበት። ሬክተሙ፣ ማለትም ከፊንጢጣ በላይ ሰገራ የሚጠራቀምበት የአንጀት ክፍል፣ መለጠጥ መቻል አለበት። የፊንጢጣው ቀለበት ጡንቻ ደግሞ መዝጋት አለበት። ክሮንስ ሦስቱንም ያውካል፦ ተቅማጥ ያመጣል፣ ሬክተሙን አቁስሎ እንዳይለጠጥ ያደርገዋል፣ ፊስቱላው ደግሞ ጡንቻውን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ በጣት ብቻ መርምራችሁ «ጡንቻው ደህና ነው» ብላችሁ ካርዱን ከዘጋችሁ ሁለቱን ሳትመረምሩ ቀርታችኋል ማለት ነው።

ውጤቱ የሚያስፈልገው ለቀዶ ሐኪሙ ነው። ፊስቱላውን ሰንጥቆ ይክፈተው ወይስ ክር አስሮበት እንዲፈስ ያድርግ ብሎ ሲወስን፣ በሽተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን ያህል ይቆጣጠር እንደነበር ማወቅ አለበት። የተቆረጠ ጡንቻ እንደነበረ አይመለስም።

አስቀድማችሁ የምታጣሩት

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ምዘናውን አትጀምሩ፤ በሽተኛውን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ላኩ።

- ትኩሳት፣ ያበጠና የሚያቃጥል ቆዳ፣ እንቅልፍ የሚነሳ የሚወጋ ሕመም ካለ መግል ተቋጥሯል። መውጣት አለበት። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሰጥታችሁ ብቻ ወደ ቤት አትመልሱ፤ የተቋጠረ መግል በክኒን አይፈስም።
- ሽንት መታገድ፣ መቀመጫና ጭን መካከል መደንዘዝ፣ እግር መዛል፦ ችግሩ የነርቭ ነው፤ አስቸኳይ ነው።
- ለዓመታት የቆየ ፊስቱላ አሁን ጠንካራ ዕጢ ከወጣበት፣ ከደማ ወይም ሕመሙ ከተለወጠ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የምርመራ አልጋና የሚዘጋ መጋረጃ፤ ሁለት ጥንድ ጓንት፤ ሊዶኬይን ጄል 2 በመቶ፤ ጎዝ፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው እንጨት፤ መብራት ስለሚጠፋ የእጅ ባትሪ፤ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፤ በሽተኛው የሚሸፈንበት ንጹሕ አንሶላ፤ ሰባቱን የሰገራ ዓይነቶች የሚያሳየው የብሪስቶል ሥዕል፤ ክብ የተሣለበት ወረቀት፤ በሽተኛው የሚይዘው ትንሽ ደብተር። ፕሮክቶስኮፕ (የፊንጢጣ ውስጥ የሚታይበት ቱቦ) ባይኖራችሁ አትጨነቁ፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

1. ቦታውንና ቋንቋውን አስተካክሉ

በራችሁን ዝጉ። በሽተኛዋ ሴት ከሆነች ሴት ነርስ ክፍሉ ውስጥ ትኑር። አፋን ኦሮሞ የሚናገር በሽተኛ ከመጣ ቋንቋውን የምትችል ነርስ ጥሩ፤ የራሱን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት። አንድ አባት በልጁ አፍ «ልብሴ ላይ ያመልጠኛል» ብሎ አይናገርም። ከተናገረም አሳንሶ ነው፤ እናንተም ያነሰ ነጥብ ትጽፋላችሁ።

«ፊስቱላ» የሚለውን ቃል ስትጠቀሙ አስረዱ። በአገራችን ቃሉ ወዲያው የሚያስታውሰው በወሊድ ምክንያት ሽንት የሚያመልጣቸውን እናቶች ነው። ወጣት ወንድ በሽተኛ ግራ ይጋባል፤ ያላገባች ልጅ ደግሞ ቤተሰቦቿ ሌላ ነገር ይጠረጥራሉ ብላ ትፈራለች። «ከአንጀት ወደ ቆዳ የወጣ ቀዳዳ» በሏቸው።

2. «ኪንታሮት» ከሚለው ቃል ሥር ያለውን አውጡ

በእኛ አካባቢ ፊንጢጣ ላይ የወጣ ሁሉ ኪንታሮት ይባላል። «ኪንታሮት አለብኝ» ሲሏችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ የሚወጣው ምንድን ነው (ደም፣ መግል፣ ሰገራ)? ከየት ይወጣል? ከመቼ ጀምሮ? በባህል መድኃኒት ተነቅሎ ወይም ተቃጥሎ ያውቃል? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። የሚያቃጥል መድኃኒት የተቀባበት ቦታ ጠባሳ ሠርቶ ፊንጢጣውን ሊያጠብ ይችላል። የጠበበ ፊንጢጣ ደግሞ በጣት ሲመረመር «ጠንካራ ጡንቻ» መስሎ ያታልላል።

ሴቶችን የወሊድ ታሪካቸውን ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ በብልት በኩል ወለዱ? ተቀደዱ? ተሰፉ? በመሣሪያ ተጎትቶ የተወለደ ልጅ አለ? እንዲሁም «በብልትዎ በኩል አየር ወይም ሰገራ ይወጣል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ካልተጠየቁ አይናገሩትም። መልሱ አዎን ከሆነ ፊስቱላው ወደ ብልት ተከፍቷል ማለት ነው፤ ቀለበቱ ደህና ሆኖም ሰገራ ሊያመልጥ ይችላል።

3. የ14 ቀን መዝገብ ስጧቸው

ትውስታ አይታመንም፤ ሰው የሚያስታውሰው ክፉውን ቀን ነው። ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር አስምሩ። ሽንት ቤት በሄዱ ቁጥር አንድ ጭረት፣ ሰገራ ባመለጠ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጭረት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳቸው ከሆነ ክብ። ማንበብ የማይችሉም ይህን ይሞላሉ። ከብሪስቶል ሥዕሉም የዕለቱን ሰገራ ቁጥር ይጻፉ ወይም በጣታቸው ያሳዩአችሁ። የሌሊቱ ክብ ብዙ ይናገራል፦ ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ተቅማጥ አንጀቱ አሁንም እንደቆሰለ ያመለክታል።

መዝገቡ ጾም ላይ ከዋለ ጎን ላይ ጻፉት። ምግቡ ሲለወጥ ሰገራውም ይለወጣል፤ በሁለት ወር ልዩነት የተሞሉ መዝገቦችን ስታነጻጽሩ የጾሙን ለውጥ የመድኃኒት ውጤት አድርጋችሁ እንዳታነቡት።

4. ነጥብ ስጡ

ሰገራ ምን ያህል እንደሚያመልጥ የሚለካው የዌክስነር ነጥብ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን አምስት ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 20 ነው።

ጥያቄዎቹ፦ ደረቅ ሰገራ ያመልጣል? ፈሳሽ ሰገራ ያመልጣል? አየር ያመልጣል? ፓድ ወይም ጨርቅ ያደርጋሉ? ኑሮዎን ቀይሯል?

አሰጣጡ፦ 0 ፈጽሞ፤ 1 በወር ከአንድ ጊዜ በታች፤ 2 በወር አንድ ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ግን በሳምንት ከአንድ ጊዜ በታች፤ 3 በሳምንት አንድ ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ግን በቀን ከአንድ ጊዜ በታች፤ 4 በየቀኑ።

ጥያቄዎቹን እንደ ወረቀቱ ካነበባችሁ ባዶ መልስ ታገኛላችሁ። በኑሯቸው ጠይቁ። «ፓድ» ስትሉ «አላደርግም» ይላሉ፤ «የታጠፈ ጨርቅ» ስትሉ «አዎ፣ ሁልጊዜ» ይላሉ። ስለ አየር ስትጠይቁ ሙስሊም በሽተኛን «በዚህ ምክንያት ውዱእዎ ይበላሻል?» በሉ፤ በቁጥር ይመልስላችኋል። ስለ ኑሮ ለውጥ «ማስቀደስ ትተዋል? ለቅሶ ቤት መቀመጥ፣ ዕድር መሄድ ትተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ጥያቄ ከሌላ መለኪያ፣ ከሴንት ማርክስ ነጥብ፣ ተዋሱ፦ «ሰገራ ሲመጣብዎት 15 ደቂቃ መታገሥ ይችላሉ?» እኔ «ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ ቢገቡና ቢመጣብዎት ቃሊቲ ይደርሳሉ ወይስ ወራጅ ይላሉ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ ደቂቃውን አጻፉ። ይህ ጥያቄ ከአምስቱ ውስጥ የለም፤ ስለ ሬክተሙ የሚነግራችሁ ግን እርሱ ነው።

5. የሚያመልጠው ከየት እንደሚወጣ በሁለት ጎዝ ለዩ

ከሁሉ የሚበልጠው ስህተት የሚደርሰው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። የፊስቱላ መግልና ከፊንጢጣ ያመለጠ ሰገራ አንድ ጨርቅ ላይ ሲደባለቁ ሁለቱም «ማምለጥ» ይባላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሽተኛው በሞቀ ውኃ ይታጠብና ያድርቅ። አንድ የታጠፈ ጎዝ በፊስቱላው ውጫዊ ቀዳዳ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ ሌላ ትንሽ ጎዝ ፊንጢጣው ላይ ብቻ እንዲቀመጥ አድርጉ። ሁለት ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሱ፣ ውጭ ይዙሩ፤ ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ እዩ። የቱ ረጠበ? ቀለሙ ምንድን ነው? ምን ይሸታል?

እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ አንዲት እናት በቀን አራት ጊዜ ጨርቅ እንደምትቀይር ነግራኝ ነጥቧን 12 ጽፌ ነበር፦ ደረቅ 0፣ ፈሳሽ 3፣ አየር 1፣ ጨርቅ 4፣ ኑሮ 4። ከምጣዱ ፊት ተነሥታ ስትመጣ የቀሚሷ ጀርባ እንዳይታይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ነበር። ሁለቱን ጎዝ ስንፈታ የፊስቱላው ጎዝ በቢጫ መግል ርሷል፤ የፊንጢጣው ጎዝ ላይ ምንም አልነበረም። እንደገና ጥያቄ በጥያቄ ሄድን። በእርግጥ በፊንጢጣዋ የሚያመልጣት ፈሳሽ ሰገራ በወር ከአንድ ጊዜ ያነሰ ነበር፤ ጨርቁ የመግሉ ነው። የመያዝ ነጥቧ 5 ሆነ፦ ፈሳሽ 1፣ አየር 1፣ ኑሮ 3። ያስፈልጋት የነበረው መግሉን ማፍሰስና ክሮንሱን ማከም እንጂ ለደከመ ጡንቻ የሚደረግ ሕክምና አልነበረም። ጎዙን ባንለይ ኖሮ የሪፈር ወረቀቷ ሌላ ታሪክ ይዞ ይሄድ ነበር።

የመግሉን ብዛት፣ ሕመሙን፣ የሩካቤ እክሉን፣ የቁስሉን ዓይነትና የጥንካሬውን መጠን ለብቻው መዝግቡ። እነዚህ አምስቱ የፊንጢጣ ዙሪያ ክሮንስ የንቃት መለኪያ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ አለው፣ ድምሩ ከ4 ሲበልጥ በሽታው ንቁ ነው ይባላል። ይህን ነጥብ ከመያዝ ነጥቡ ጋር አትደምሩት።

6. ከመንካታችሁ በፊት እዩ

በግራ ጎናቸው አስተኙ፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው ይያዙ፣ በአንሶላ ይሸፈኑ። ምን ልታደርጉ እንደሆነ በቅድሚያ ንገሯቸው፤ የፈራ ሰው ጡንቻውን ጨብጦ ይይዛል፣ የምትለኩትም ፍርሃቱን ይሆናል።

በክቡ ሥዕል ላይ ቀዳዳዎችን፣ ጠባሳዎችን፣ የተንጠለጠለ ቆዳንና ቁስልን ምልክት አድርጉ። በሰዓት አቆጣጠር ስትጽፉ 12 ሁልጊዜ ወደ ብልት በኩል፣ 6 ወደ ጅራት አጥንት በኩል ነው። በጎን የተኛን ሰው ስታዩ 12 ቁጥርን ወደ ጣሪያ የምታደርጉ አላችሁ፤ ፊስቱላው ሩብ ዙር ይዞርና ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ለመተማመን ከቁጥሩ ጎን «ከፊት»፣ «ከኋላ» ብላችሁ ጻፉ።

ከዚያ «ሳል ያድርጉ» በሏቸው፦ ፊንጢጣው ሲጨብጥ ይታያል? በጥጡ ጫፍ ፊንጢጣው አጠገብ ያለውን ቆዳ በአራቱም በኩል በቀስታ ዳስሱ። ቆዳው ጥቅስ ካለ (ፈጥኖ ከተኮማተረ) ነርቩ ይሠራል። በሁለቱም በኩል ካልጠቀሰ የመቀመጫውን ስሜትና የእግሩን ጉልበት መርምሩ።

7. በጣት መርምሩ

ጄሉን ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የጣታችሁን ሆድ ፊንጢጣው ላይ አሳርፉ፤ ራሱ ሲላላ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ቀጥሎ አራት ነገር ለኩ።

*ሲያርፍ።* ምንም ሳያደርጉ ጣታችሁን ምን ያህል ይጨብጣል? ይህ በአብዛኛው የውስጠኛው ቀለበት ሥራ ነው፤ በሽተኛው አያዘውም። ከ0 እስከ 5 ስጡ፦ 0 ምንም የለም፣ 3 ጤናማ፣ 5 እጅግ የጠነከረ።

*ሲይዝ።* «ሰገራ መጣብዎት፣ ሽንት ቤቱ ግን ተይዟል፤ ይያዙት» በሉ። ሰከንድ ቁጠሩ፤ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደላላ ጻፉ። ሌላውን እጃችሁን ዳሌው ላይ አድርጉ፦ ብዙዎች ቀለበቱን ትተው መቀመጫቸውን ይጨብጣሉ፣ ከውጭ ሲታይ ብርቱ ይመስላል። ይህንንም ከ0 እስከ 5 ስጡ።

*ወደ ኋላ በኩል።* ጣታችሁን ወደ ጅራት አጥንት በኩል ስታጥፉ ሬክተሙን እንደ ወንጭፍ የሚደግፈውን ጡንቻ ታገኛላችሁ። ሲይዙ ጣታችሁን ወደ ፊት መሳብ አለበት።

*ሲያምጥ።* «እንደ ሽንት ቤት ይግፉ» በሉ። ጡንቻው መላላትና ጣታችሁን መግፋት አለበት። ሲገፉ የሚጠብቅ ከሆነ ሰገራው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የተረፈው በኋላ ይንጠባጠባል። ይህ ሰው የሚያመልጠው በድካም ሳይሆን ባለመጨረስ ነው።

ጣታችሁን ስታወጡ እንደ ገመድ የጠነከረ መስመር ከተሰማችሁ ቦታውን ሥዕሉ ላይ አስምሩ፤ የፊስቱላው መንገድ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጣት አልገባ ካለ አታስገድዱ። «ጠባብ፣ ትንሿ ጣት ብቻ ታልፋለች» ወይም «አታልፍም» ብላችሁ ጻፉ። ሕመሙ ከባድ ከሆነ አቁሙ፤ ቀሪው ምርመራ ሆስፒታል ውስጥ በማደንዘዣ ይደረጋል። የፊስቱላውን ቀዳዳ በምንም ዓይነት ብረት ወይም እንጨት አትፈትሹ፤ ያልነበረ መንገድ ትከፍታላችሁ።

8. ሬክተሙን በጥያቄ ለኩ

ሆስፒታል ውስጥ ሬክተም የሚለካው በፊኛ ነው። ቀስ በቀስ ይነፋል፤ በሽተኛው መጀመሪያ የተሰማው፣ የሽንት ቤት ስሜት የመጣበትና መታገሥ ያቃተው መጠን ይመዘገባል። እናንተ በሽንት መውጫ ቱቦ ፊኛ ልትተኩት አትሞክሩ። የቆሰለ ሬክተም ሊቀደድ ይችላል።

በምትኩ ሦስት ነገር ይበቃችኋል፦ የመታገሥ ደቂቃው፣ አንድ ጊዜ ሲሄዱ የሚወጣው መጠን (አንድ ማንኪያ ወይስ ብዙ?)፣ እና ሄደው ምንም ሳይወጣ የመመለስ ብዛት። በቀን አሥር ጊዜ እየሄደ ጥቂት ጥቂት የሚያወጣ፣ ሁለት ደቂቃ የማይታገሥ፣ በጣት ሲመረመር ግን ሲያርፍም ሲይዝም 3 የሆነለት ሰው ጡንቻው ደህና ነው፤ የተኮማተረው ሬክተሙ ነው።

9. ሰገራውን መርምሩ

የሰገራ ምርመራ ለጥገኛ ተሕዋስያን ላኩ፤ ጃርዲያ ወይም አሜባ ከተገኘ ታክሞ መዝገቡ እንደገና ይሞላ። ሄሞግሎቢንና ሲአርፒ (የሰውነት መቆጣትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውሰዱ። የኤችአይቪ ምርመራ ጠይቁ። የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ክሮንስን ስለሚመስል የሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ታሪክ ጠይቁ፤ የደረት ራጅም ይነሳ። ይህ የክሮንስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መታወቅ አለበት፤ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ መድኃኒቶች የተደበቀ ነቀርሳን ይቀሰቅሳሉ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ተቅማጡ ከሐሞት አሲድ ሊሆን ስለሚችል ጻፉት።

10. በአንድ ገጽ ሰብስባችሁ ላኩ

የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የፊንጢጣ ፊስቱላ፣ ሰገራ አለመቆጣጠር» ብቻ አትጻፉ። ይህን ይመስላል፦

«የ34 ዓመት ወንድ። ሰገራ፦ ብሪስቶል 6፣ በቀን 8፣ ሌሊት 2። ሬክተም፦ 2 ደቂቃ ይታገሣል፣ በጥቂቱ ያወጣል። ቀለበት፦ ሲያርፍ 3፣ ሲይዝ 3፣ 12 ሰከንድ። ሲያምጥ ይላላል። ዌክስነር 7። በሁለት ጎዝ ሲለይ፦ መግል ከፊስቱላው፣ ጥቂት ፈሳሽ ሰገራ ከፊንጢጣ። ቀዳዳ፦ በ5 ሰዓት፣ ከኋላ በግራ። ጥያቄ፦ የፊስቱላው መንገድ በኤምአርአይ ይታይልን፤ የሬክተሙ ቁስለት ይመርመር።»

ኤምአርአይ የፊስቱላውን መንገድና የተደበቀ መግልን ያሳያል። በፊንጢጣ የሚገባ አልትራሳውንድ ጡንቻው የት እንደተቆረጠ ያሳያል፤ በወሊድ የተቀደዱ እናቶች ላይ ለይታችሁ ጠይቁት። ማኖሜትሪ የቀለበቱን ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይለካል፤ ፊንጢጣው የጠበበ ወይም ሬክተሙ በጣም የቆሰለ ከሆነ ወረቀታችሁ ላይ አስጠንቅቁ፣ ፊኛውን የሚነፋው ሰው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መግል በተቋጠረበት ሳምንት የተሰጠ ነጥብን መነሻ አድርጎ መያዝ። ሕመም ጡንቻን ያስጨብጣል ወይም ያስለቅቃል፤ መግሉ ከፈሰሰና እብጠቱ ከተቀመጠ በኋላ ድገሙት።

ድምሩን ብቻ መጻፍ። 9 ነጥብ በአየርና በጨርቅ የመጣ እንደሆነና በደረቅ ሰገራ የመጣ እንደሆነ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አምስቱንም ቁጥሮች ጻፉ።

ጠባሳ ያጠበበውን ፊንጢጣ «ጥሩ ጥንካሬ» ብሎ መመዝገብ። ሲይዙ ለውጥ ከሌለ የሚጨብጠው ጡንቻ አይደለም።

የተለያየ ሰው በየጊዜው እንዲመረምር ማድረግ። የአንዱ 2 የሌላው 3 ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የመረመረ ሰው ከሦስት ወር በኋላም እርሱ ይመርምር፤ ካልተቻለ የመርማሪው ስም ከነጥቡ ጎን ይጻፍ።

የወረቀቱን ቅጂ ለበሽተኛው ስጡ፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከካርዱ ጋር እንዲቀመጥ ንገሯቸው። በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አታስቀምጡት።